ለሽንኩርቱ ሦስት ሰዓት፣ ለሥጋው ሃያ ደቂቃ

አሜሪካ የምትኖር እህቴ ለእናታችን «ስሎው ኩከር» የሚባለውን የኤሌክትሪክ ድስት ላከችላት። ነገሩ ቀላል ነው። ጠዋት ሥጋውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ከተው ሶኬቱን ይሰኩታል። ማታ ከሥራ ሲመለሱ የቻይና ምግብ ቤቶች በካርቶን አሽገው እንደሚሸጡት ያለ፣ ማንኪያ ሲነካው የሚፈርስ የበሬ ሥጋ ይጠብቃል። ሩዝ ላይ አፍስሶ መብላት ብቻ ነው። እህቴ በስልክ ስታስረዳን «እኔ እኮ ከምግብ ቤት ማዘዝ ከተውኩ ቆየሁ» እያለች ነበር።

እናቴ ወረታ ባለው ቤታችን ሰካችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ድስቱም በዚያው አሸለበ። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ነው። 200 ዋት ሊስብ የተሠራ ማሞቂያ በእኛ መስመር ላይ ከ650 ዋት በላይ ይስባል፤ ስለዚህ መቃጠሉ አይገርምም። ከባሕር ማዶ ዕቃ የምትልኩ ዘመዶቻችን፣ እባካችሁ ከዕቃው ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡልን።

እኔ እጅ ላይ ሁለት ኪሎ ወርች፣ አንድ የሞተ ድስትና «ይኼው የፈረንጅ ነገር» የምትል እናት ቀሩ። ሥጋውን ምን እንዳደረግነው እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያ ቀን ያሳሰበኝን ነገር ላንሳ።

ሥጋ ተወደደ የማይል ሰው የለም። እውነት ነው፣ ተወዷል። የመኖ ዋጋ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ ከብቱ ከገበያ ወደ ገበያ የሚሄድበት መንገድ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ መሆኑ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገረው ከብት፣ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ስለነዚህ በዚህ ቻናል ደጋግመን ተነጋግረናል፤ ዛሬ አልመለስበትም። ዛሬ የማነሣው ማንም ሚኒስቴር ያላመጣብንን፣ እኛው በገዛ ማጀታችን የምናባክነውን ነው።

ሥጋ ቤት ቆማችሁ ወረፋውን ታዘቡ። ደንበኛው የሚጠራው ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ዳቢት ነው። አንገት፣ ወርች፣ ፍሪምባ፣ የቅልጥሙ ዙሪያ ሥጋ ሲደርሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ «ጅማት ሰጠኸኝ» ብሎ ከሥጋ ቆራጩ ጋር ይጣላል። ቅርጫ ላይ ደግሞ ምርጫ የለም። መደቡ እኩል ነው፣ ከሁሉም ይደርሳል። ከዚያ ቤት ይገባና ለስላሳውም ጠንካራውም በአንድ መጠን ተከትፎ በአንድ መጥበሻ ላይ ይጣላል። ሃያ ደቂቃ ይጠበስና ለሽማግሌው የማይታኘክ፣ ለሕፃኑ የማይዋጥ ጥብስ ይቀርባል። የተረፈው ጅማት ለውሻ ይጣላል። በዚህ ዋጋ!

የሚገርመኝ ጊዜ መስጠት የማናውቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ የዋለች እናት የሌለው አለ? ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይታሻል፣ በትንሽ በትንሽ ውኃ ይረጫል፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ይጠበቃል። በበዓል ዋዜማ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ማንም አይደነቅም። በሬው ላይ ስንደርስ ግን እሳቱ ይቸኩላል። ለሽንኩርቱ ሦስት ሰዓት፣ ለሥጋው ሃያ ደቂቃ። ከሁለቱ ጊዜ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ በሬውን ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

በሬው ማነው? እኛ አገር የሚታረደው በሬ አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው። የፎገራ ሜዳን በሬ እንውሰድ። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር፣ በረግረግና በዝንብ መሐል መኖር የለመደ፣ ላሟም በወተቷ ከአገራችን ዝርያዎች መካከል ስሟ የሚነሣ ከብት ነው። በሬው በርብና በጉማራ ወንዞች ደለል ላይ፣ እግር የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣ ዓመታት ሞፈር ጎትቷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ይቀለብና ለበዓል ገበያ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ከብት የፊት እግር፣ አንገትና ደረት ውስጥ ጡንቻውን አስሮ የሚይዝ ነጭ ክር አለ። ሳይንሱ ኮላጅን ይለዋል፣ እኛ ጅማት እንለዋለን። ከብቱ በሠራና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይኼ ክር እርስ በርሱ እየተሳሰረ ይጠነክራል። በፈጣን እሳት ሲመታ ይኮማተርና ጭማቂውን ጨምቆ ያወጣዋል። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለሰዓታት ሲቆይ ግን ቀስ እያለ ይቀልጥና ጄላቲን ይሆናል። ቅቅል ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋው መረቅ ይኸው ነው። ያ ስንጣላበት የነበረ ጅማት መረቁን የሚያወፍረው፣ ሥጋውን የሚያለሰልሰው እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ሽንጥ ይኼ የለውም። ሽንጥን አምስት ሰዓት ብትቀቅሉት ደረቅ ገመድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ርካሹ ክፍል ከውዱ ይበልጣል ስል ድሃን ለማጽናናት አይደለም፤ በእርግጥ ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ ድስቱንም ቢሆን ፈረንጅ ከሰማይ አላወረደውም። የፈጠራ ባለቤትነቱን እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኘው ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነው። ሐሳቡ የመጣለት በሊትዌኒያ ቤተሰቦቹ ይሠሩት ከነበረው የሰንበት ምግብ ነበር። በሰንበት እሳት አይነድም፤ ስለዚህ ሥጋውና ባቄላው ዓርብ ማታ በሰፈሩ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ገብቶ በተረፈው ሙቀት ሲበስል ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሌላ ኩባንያ «ክሮክ ፖት» ብሎ ለገበያ አወጣው፣ ለሥራ ከቤት ለሚወጡ እናቶችም ተስማማ። እንግዲህ ዕቃው የድሆች ብልሃት ነው፤ ሶኬት የተጨመረለት።

ወደ ወረታው ቀን ልመለስ። መብራቱም ከሰዓት በኋላ ሄደ (ይኼን ለአገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም)። ከሰፈራችን ትንሽ ራቅ ብሎ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት አለ። ከጀርባው እንደየትኛውም የወረታ ወፍጮ ቤት የሩዝ ቅርፊት እንደ ኮረብታ ተከምሯል። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዤ መጣሁ። እናቴ አየችኝና፦

«ደግሞ ይኼን ምን ልታደርገው ነው?»

«ሥጋውን ልቀብርበት ነው እማዬ።»

«ሥጋ ይቀበራል እንዴ? አንተስ ጤና አጣህ!»

ፈረንጆች በዓለም ጦርነቶቹ ጊዜ ማገዶ ሲቸግራቸው «የድርቆሽ ሣጥን» የሚሉት ዘዴ ነበራቸው። ድስቱን ካፈሉት በኋላ ድርቆሽ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ይቀብሩታል፤ ሙቀቱ አይወጣም፣ ምግቡ ያለ እሳት ይበስላል። የሩዝ ቅርፊትም ደረቅና ቀላል ነው፣ በመሐሉ አየር ይይዛል፣ ሙቀት አያሳልፍም። ድርቆሽ የሠራውን ይሠራል።

እንዲህ አደረግን። ወርቹን በቡጢ መጠን ቆራረጥነው፤ ትንንሽ ከሆነ ይበታተናል። በከባዱ የብረት ድስት ውስጥ በጥቂት ዘይት ሁሉም ጎኑ እስኪጠቁር ጠበስነው። የምግብ ቤቱ ጣዕም ግማሹ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ የሚዘለል አይደለም። ከዚያ ብዙ ነጭ ሽንኩርት፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ባሕር ዳር ሱፐርማርኬት የተገዛ ሶያ ሶስ፣ ሁለት ማንኪያ ማር፣ ትንሽ አቼቶ፣ ቁንዶ በርበሬ። ሶያ ሶስ የሌለው ጨው ይጨምር፣ ዓለም አያልፍም። እናቴ ሳላያት ኮረሪማና አንድ ማንኪያ በርበሬ ጣል አደረገችበት። ውኃው ሥጋውን ለጥቂት እንዳይሸፍን ሆኖ ተጨመረ፤ ክዳኑ የገጠመ ድስት ውኃ አያተንም፣ ከበዛ ሾርባ ይሆናል።

ከሰል ላይ ክዳኑን ሳንከፍት አርባ ደቂቃ ፈላ። ድስቱን እንደፈላ በጋቢ ጠቅልለን በትልቅ ካርቶን ውስጥ፣ ከሥርም ከጎንም ከላይም የሩዝ ቅርፊት ሞልተን ቀበርነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ስናወጣው ጣት ያቃጥላል። እንደገና ሃያ ደቂቃ አፍልተን ሦስት ሰዓት ቀበርነው። ማታ መረቁን በአንድ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት አወፈርነው። ሥጋው በማንኪያ ጀርባ ተለያየ። የጎረቤታችን አዛውንት፣ ጥርስ ከተዋቸው ቆይቷል፣ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ጣዕሙን ያመጣው ኮረሪማው ነው» እንዳለች ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ፣ ቀልድ አይደሉም። ድስቱ ሲወጣ ለብ ብቻ ካለ ሥጋው ይጣል፤ ከ60 ዲግሪ በታች ለሰዓታት የቆየ ሥጋ ተሐዋሲ የሚያራባ ነው። ሁለተኛ፣ በሞቀ ከሰል ላይ ድስት ጥዶ በር ዘግቶ መተኛት የለም። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት ገዳይ ነው። ሦስተኛ፣ በጾም ወቅት ይኼን ዘዴ ለጥራጥሬ የምትሞክሩ፣ ለሽምብራና ለባቄላ ግሩም ነው፤ ቦሎቄ ግን መጀመሪያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል ካልፈላ ሆድ ያውካል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ታቦርና አዲስ አበባ ከዚያም ዝቅ ይላል። ከውጭ አገር ቪዲዮ ያያችሁትን ሰዓት እንዳለ አትውሰዱ፣ ጨምሩበት።

«ፕሬዠር ኩከር አለ አይደል?» የሚል አስተያየት ከወዲሁ ይታየኛል። አለ፣ ጎማው ያልላላ፣ መተንፈሻው ያልተደፈነ ያለው ይጠቀም፤ በአንድ ሰዓት ያደርሰዋል። መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ያለም 220 ቮልት የሆነውን የኤሌክትሪክ ድስት ቢገዛ አልቃወምም። 200 ዋት ለስምንት ሰዓት ማለት 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን በግማሽ ሰዓት የሚበላውን ያህል። ጥሬ ሥጋ ወዳዱንም ከቁርጡ ላጣላው አልመጣሁም፣ እኔም እወዳለሁ። የምለው ቁርጥም ጥብስም የማይሆነውን የበሬውን ክፍል እንደ ቅጣት መቁጠር እናቁም ነው። ሆቴሎቻችንም ቢሆኑ ከቀጫጭን ጥብስ ሌላ ሊያቀርቡልን ይችላሉ። ሌሊት ሲበስል ያደረ ወርች በሩዝ ቢሸጥ ከሽንጥ ጥብስ ባነሰ ዋጋ ያዋጣቸዋል፤ ምሳ ሰዓት ላይም ደንበኛ አያስጠብቅም።

አሁን ወደ ሳህኑ ልምጣ፤ ምክንያቱም ያን ማታ ሳህኑ ላይ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከሥር የፎገራ ሩዝ፣ ከላይ የፎገራ በሬ። አብረው ተስማምተው ተቀምጠዋል። ሜዳው ላይ ግን አልተስማሙም።

ሩዙ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሞከሩት። እስከ ዛሬ የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» ስሙን የወሰደው ከዚያው ነው። በነገራችን ላይ ከወረታ ደብረ ታቦርን አልፎ ወልዲያ የሚወጣውን መንገድም የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ሩዙንም መንገዱንም ከሩቅ ምሥራቅ ሰዎች የወሰደች ከተማ የምግብ አሠራራቸውን ሳትወስድ መቅረቷ ያስቀኛል። ክረምት ጎርፍ የሚተኛበት፣ ጤፍ የማይሆንለት መሬት ሩዝ አበቀለ። ገበሬው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ልጁን አስተማረ። ወረታ የወፍጮ ከተማ ሆነች፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተተከለ። ሩዝ እንጀራው ውስጥ ገባ፣ ጠላው ውስጥ ገባ። ማንም ሰው ቀርቦ ለፎገራ ገበሬ «ሩዝ አትዝራ» ሊለው አይችልም፤ እኔም አልልም።

ነገር ግን ያ ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። ጎርፉ ሲሸሽ ሣሩን የሚያበቅል የወል ግጦሽ ነበር። የፎገራን ላም የፎገራ ላም ያደረጋት እሱ ነው። ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳ ተለወጠ። ከቀረው ላይ አሜኬላ የሚባለው እሾሃም አረም ሰፈረበት፣ ጣና ዳር ያለውን እምቦጭ ያዘው። ከደጋ የሚመጣ ከብትም እየተዳቀለበት ንጹሑ ዝርያ እየሳሳ ሄደ። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማቆየት ዓመታት ደክሟል። የምርምር ግቢ ውስጥ የሚኖር መንጋ ግን ሜዳ ላይ የሚኖርን መንጋ አይተካም።

ዛሬ የሜዳው ከብት በበጋ የሚበላው ባብዛኛው የሩዝ ገለባ ነው። የሩዝ ገለባ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ሲሊካ የሚባለው ደረቅ ማዕድን ይበዛበታል፣ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይሞላም። በዩሪያ ውኃ ታሽቶ ሳምንታት ታሽጎ ሲቆይ ግን የተሻለ መኖ ይሆናል። ይኼ አዲስ ግኝት አይደለም፣ የግብርና ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ችግሩ ዩሪያ ለሩዙ እንኳ በወቅቱ ሳይደርስ ለገለባ የሚተርፍ ከየት ይምጣ? ማዳበሪያ ሲዘገይ ስለ ምርት እንጮኻለን፤ ስለ በሬው መኖ የጮኸ አላየሁም።

ወጥ ቤቴን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በመጠኑ ይገናኛል። ድስት ለውጬ ዝርያ አድናለሁ አልልም። ግን ስለ ከብት ሀብት በየስብሰባው የሚወራውን ስሙ፤ ቶሎ የሚደልብ፣ ለስላሳ፣ ለጥብስ የሚሆን ከብት ነው የሚፈለገው። በዚያ ሚዛን ላይ አርሶ ያረጀው የፎገራ በሬ ሁሌም ተሸናፊ ነው። ሚዛኑን የሠራው የሃያ ደቂቃው መጥበሻችን ነው። የፎገራ በሬ አርሷል፣ እናቱ ወተት ሰጥታለች፣ ፍጉን ለማሳው ትቷል። መጨረሻ ላይ ሥጋውም በተገቢው እሳት የተከበረ ምግብ ይሆናል። ይኼን ሁሉ አንድ ላይ የሚሰጥ ከብት በሌላ ስንለውጥ የምናጣውን በኪሎ ብቻ ባንቆጥረው እላለሁ።

የሚመለከታቸውን የምጠይቀው ጥቂት ነው። በፎገራና በደራ የቀረው የወል ግጦሽ በካርታ ይለይ፣ ወሰኑም ከቀበሌው ሕዝብ ጋር ይጽና። ለገለባ ማከሚያ የሚሆን ዩሪያ በዕቅድ ውስጥ ይግባ። በየወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚቃጠለው ቅርፊትም፣ ለድስት መቅበሪያ ባይሆን ለማገዶ ጡብ፣ አንድ ሰው ያስብበት።

እናንተን የምጠይቃችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ቅርጫ ላይ ወርቹ ሲደርሳችሁ እንዳትጣሉ ነው። እህቴ አሁን 220 ቮልት የሆነ ድስት ልላክ ወይ ብላ ጠይቃለች። እናቴ «ካርቶኑ ይበቃኛል፣ ይልቅ ሶያ ሶሱን ላኪልኝ» ብላታለች።